ከባቡር ሐዲድ እስከ ሞባይል ማማ፦ በገላን ደጃፍ ያለፉ የኩባንያዎች ቃል ኪዳኖች

ከአዲስ አበባ በስተደቡብ ምሥራቅ፣ ከአቃቂ ቀጥሎ ወደ ዱከምና ወደ ቢሾፍቱ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኘው ገላን ስሟን ያገኘችው ከቱለማ ኦሮሞ ጎሳዎች ከአንዱ ሲሆን፣ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ከሰበታ፣ ከቡራዩ፣ ከሱሉልታና ከለገጣፎ ለገዳዲ ጋር በሸገር ከተማ አስተዳደር ሥር ተጠቃልላለች። ዛሬ በፋብሪካዎቿ፣ በመጋዘኖቿና በደጇ በሚመላለሱት የጭነት ተሽከርካሪዎች ብዛት የምትታወቀው ይህች ከተማ፣ ከመሬት አቀማመጧ የተነሣ ከሌሎቹ የአዲስ አበባ ዙሪያ ከተሞች የተለየ ዕጣ ደርሷታል፤ ዋና ከተማዋን ከባሕር በር ጋር ለማገናኘት የተዘረጋው አብዛኛው ነገር፣ የጥንቱ የባቡር ሐዲድም ሆነ አብሮት የተተከለው የቴሌግራፍ ሽቦ፣ በ2006 ዓ.ም. የተመረቀው የአዳማ ፈጣን መንገድም ሆነ አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር፣ በእርሷና በጎረቤቶቿ በኩል አልፏል። ከእነዚህ ሥራዎች ከብዙዎቹ ጀርባ ደግሞ አዲስ ጥበብ ይዞ ከሩቅ አገር የመጣ ኩባንያ፣ ያ ኩባንያ በአደባባይ የገባው ትልቅ ቃልና ለቃሉ ምላሽ ከቤተ መንግሥት የጠበቀው ሞገስ ይገኛሉ።

ትላልቅ የቴክኖሎጂ ኩባንያዎች ከፍተኛ የኢንቨስትመንት ገንዘብ በይፋ እያወጁ የመንግሥታትን በጎ ፈቃድ መሻታቸው በአሁኑ ጊዜ የዓለም መነጋገሪያ ሆኗል። እ.ኤ.አ. በፌብሯሪ 2025 አፕል የተሰኘው የአሜሪካ ኩባንያ በአራት ዓመት ውስጥ 500 ቢሊዮን ዶላር በአገሩ ሥራ ላይ እንደሚያውል አስታወቀ፤ በዚያው ዓመት ኦገስት ወር መጠኑን ወደ 600 ቢሊዮን ከፍ ሲያደርግ፣ ዋና ሥራ አስፈጻሚው ቲም ኩክ መሠረቱ ከ24 ካራት ወርቅ የተሠራ የመስታወት ገጸ በረከት በኋይት ሐውስ ለፕሬዚዳንት ዶናልድ ትራምፕ አበረከቱ፤ ፕሬዚዳንቱም በዚያኑ ዕለት በኤሌክትሮኒክስ ቺፖች ላይ ሊጣል የታሰበው የ100 በመቶ ቀረጥ በአሜሪካ ምድር የሚያመርቱ ኩባንያዎችን እንደማይነካ ተናገሩ። ይህን የተመለከተ ሰው ነገሩ የዘመናችን አዲስ ፈሊጥ ነው ብሎ ሊያስብ ይችላል። የኢትዮጵያ ታሪክ ግን ከ130 ዓመት በፊት የጀመረ፣ በሰነድ የተደገፈና ውጤቱም በምድር ላይ የሚታይ ተሞክሮ ያቀርባል፤ ከዚህ ተሞክሮ የሚወጣው ዋነኛ ነጥብም የአገሪቱን ጥቅም የወሰነው በምርቃቱ ዕለት የተጠራው የገንዘብ መጠን እንዳልነበረና፣ ወሳኙ በውሉ አንቀጾች ውስጥ የተጻፈውና ያንን ለማስፈጸም በመንግሥት እጅ የቀረው ኃይል እንደነበረ ነው።

የመጀመሪያውና ከሁሉም ሰፊው ምሳሌ የባቡሩ ጉዳይ ነው። በ1871 ዓ.ም. ወደ ሸዋ የመጡት የስዊስ ተወላጅ መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ፣ ለንጉሥ ምኒልክ በልዩ ልዩ የእጅ ሥራና በግንባታ ለብዙ ዓመታት ካገለገሉ በኋላ፣ ከፈረንሳዊው ነጋዴ ከሌዎን ሸፍኖ ጋር ሆነው ከጅቡቲ ተነሥቶ በሐረር በኩል እንጦጦ የሚደርስ፣ ከዚያም በከፋ አድርጎ እስከ ነጭ ዓባይ የሚዘልቅ የባቡር መስመር የመሥራት ሐሳብ አቀረቡ። ዳግማዊ ምኒልክ በመጋቢት 1886 ዓ.ም. የሰጡት ፈቃድ በወቅቱ አጠራር ኮንሴሲዮን ይባላል፤ ትርጉሙም መንግሥት አንድን ትልቅ ሥራ ለግል ኩባንያ ሰጥቶ፣ ኩባንያው በራሱ ገንዘብ ሠርቶ ለተወሰነ ዘመን ጥቅሙን እንዲሰበስብ የሚያደርግበት ውል ማለት ነው። የዚህ ውል ዘመን 99 ዓመት ሲሆን፣ ኩባንያው ከሐዲዱ ጎን የቴሌግራፍ መስመር እንዲተክልና በጦርነት ጊዜ ወታደርና ስንቅ ያለ ክፍያ እንዲያጓጉዝ ግዴታ ተጥሎበት፣ በምላሹ ከእርሱ ጋር የሚወዳደር ሌላ የባቡር መስመር ከባሕር ወደ ኢትዮጵያ እንዳይሠራ ዋስትና አግኝቷል። ሳይወዳደሩ ብቻን የመሥራት መብት፣ ማለትም በዛሬው አነጋገር ሞኖፖሊ፣ ኩባንያው ከገንዘብ ይልቅ አጥብቆ የፈለገው ሞገስ እንደነበረ ከዚህ በግልጽ ይታያል።

ይሁን እንጂ ኢልግና ሸፍኖ ፈቃዱን እንጂ ገንዘቡን በእጃቸው አልያዙም ነበር። የኢምፔሪያል ኢትዮጵያ የባቡር ኩባንያ በ1888 ዓ.ም. በፓሪስ ሲቋቋም የአክሲዮን ገበያው የተጠበቀውን ያህል ገንዘብ አልሰጠም፤ በ1890 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ከጅቡቲ የተነሣው ሥራ በበረሃው ውስጥ እየተጓተተ፣ ከአካባቢው ነዋሪዎች ጋርም እየተጋጨ በሄደ ቁጥር ኩባንያው ወደ እንግሊዝ ባለ ገንዘቦች ፊቱን አዞረ፤ ይህም ፓሪስን አስደነገጠ። እ.ኤ.አ. በፌብሯሪ 1902 የፈረንሳይ መንግሥት ለ50 ዓመት በየዓመቱ 500,000 ፍራንክ ድጎማ ለመስጠት ከኩባንያው ጋር ሲዋዋል፣ በዚያ ገንዘብ የኩባንያውን አመራር የመቆጣጠር ሥልጣን ገዛ። ዳግማዊ ምኒልክ ለአንድ የግል ማኅበር የሰጡት ፈቃድ እርሳቸው ሳይጠየቁ የባዕድ መንግሥት መሣሪያ መሆኑን ሲረዱ እጅግ ተቆጡ። በ1895 ዓ.ም. ሐዲዱ ከተራራው ግርጌ ድሬዳዋ ሲደርስ በምርቃቱ በዓል ላይ ሳይገኙ ቀሩ፤ መስመሩ ወደ መሐል አገር እንዲቀጥልም ለዓመታት ፈቃዳቸውን ነፈጉ።

ይህ እምቢታ በባቡሩ ታሪክ ውስጥ ከሁሉ የሚደነቅ ምዕራፍ ነው። አገሪቱ ገንዘብ አልነበራትም፣ መሐንዲስ አልነበራትም፣ ወደቧም በሌሎች እጅ ነበር፤ ንጉሠ ነገሥቱ ግን ከድሬዳዋ ወዲያ ያለው መሬት የእርሳቸው መሆኑን፣ ያለዚያ መሬት ደግሞ እስከዚያ የተዘረጋው ሐዲድ ለባለቤቶቹ ኪሳራ ብቻ እንደሚሆን አስልተዋል። እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ኢጣሊያ እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 13 ቀን 1906 ኢትዮጵያን የጥቅም ክልል አድርገው በተከፋፈሉበት የሦስትዮሽ ስምምነት የባቡሩን ጉዳይ በመካከላቸው ቢቋጩም፣ በማግሥቱ ዓመት ኩባንያው ከሰረ። በ1900 ዓ.ም. አዲሱ ፈቃድ ለንጉሠ ነገሥቱ ሐኪም ለጓደሉፑ ተወላጅ ለዶክተር ቪታሊያን ተሰጥቶ፣ በእርሳቸው በኩል የፍራንኮ ኢትዮጵያ የባቡር ኩባንያ ተቋቋመ፤ ሐዲዱም በቢሾፍቱና በዱከም በኩል አልፎ በ1907 ዓ.ም. አቃቂ፣ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ። ከመጀመሪያው ፊርማ እስከ መጨረሻው ጣቢያ 23 ዓመት ፈጅቷል፤ 784 ኪሎ ሜትር ተዘርግቶ ወደ ነጭ ዓባይ የሚዘልቀው ክፍል ግን በወረቀት ላይ ቀርቷል።

በገላን አቅራቢያ ያለፈውን የዚያን አሮጌ ሐዲድ አሠራር ልብ ብሎ ለተመለከተ፣ በሁለቱ ብረቶች መካከል ያለው ስፋት አንድ ሜትር ብቻ መሆኑ የውሉን ዘመን የሚናገር ምስክር ነው። ጠባብ ሐዲድ መሬት መቁረጡም ድልድይ መሥራቱም ርካሽ ስለሆነ ገንዘብ ላጠረው ኩባንያ ይመቻል፤ ባቡሩ ግን በዚያው ልክ ቀላል ጭነት ይዞ በዝግታ ይጓዛል። ከመቶ ዓመት በኋላ የተሠራው አዲሱ መስመር 1,435 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው በመሆኑ የአንዱ ባቡር በሌላው ሐዲድ ላይ ሊሄድ አይችልም፤ ስለዚህም አሮጌው መስመር ለአዲሱ መሠረት ሊሆን ሳይችል ቀርቶ ሁሉም ነገር ከመሬት ግዢው ጀምሮ እንደገና ተሠራ። አንድ ኩባንያ ባለበት የገንዘብ እጥረት የወሰነው የሜትር ልክ የአንድን አገር ንግድ ለአንድ ምዕተ ዓመት ወስኖ እንደያዘ ከዚህ በላይ የሚያሳይ ነገር ማግኘት ያስቸግራል።

ከባቡሩ ቀጥሎ የመጣው የሬዲዮ ዘመን ነው፤ ታሪኩም ከገላን ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቃ በምትገኘው በአቃቂ ሜዳ ላይ ተፈጽሟል። ኢትዮጵያና ኢጣሊያ በ1920 ዓ.ም. የ20 ዓመት የወዳጅነት ውል ሲፈራረሙ፣ ከአሰብ ወደ ደሴ የመኪና መንገድ እንዲሠራና ኢትዮጵያ በአሰብ ነጻ የወደብ ክልል እንድታገኝ የሚል ስምምነት አብሮ ነበረ። የሮማ ዓላማ በመንገድ፣ በንግድና በቴክኒክ ሥራ በኩል በአገሪቱ ውስጥ ተሰሚነትን ማስፋት ሲሆን፣ የአዲስ አበባ መንግሥት ይህን ተረድቶ የመንገዱን ጥናት ለሆላንድ መሐንዲሶች በመስጠቱ ነገሩ ሳይሳካ ቀረ። ሆኖም የጄኖዋው የአንሳልዶ ኩባንያ በ1923 ዓ.ም. ገደማ በአቃቂ የሬዲዮ ቴሌግራፍ ጣቢያ፣ ማለትም ያለ ሽቦ በአየር ሞገድ መልእክት የሚያስተላልፍ ተቋም፣ ለመሥራት ከኢትዮጵያ መንግሥት ጋር ተዋዋለ፤ ጣቢያውም በጥር 1927 ዓ.ም. ተመረቀ።

አንሳልዶ ማን እንደነበረ ማወቅ እዚህ ላይ ተገቢ ነው። መርከብ፣ መድፍና የባቡር ሞተር የሚሠራ፣ ከኢጣሊያ ታላላቅ የብረታ ብረት ተቋማት አንዱ የነበረው ይህ ኩባንያ፣ በእነዚያው ዓመታት ከፊያት ጋር በመተባበር ለኢጣሊያ ጦር ትንንሽ ታንኮችን ያመርት ነበር። ታንኩ ሦስት ቶን ያህል የሚመዝን፣ ሁለት ሰው ብቻ የሚይዝና መትረየሱ ወደ ፊት የተተከለ ስለነበረ፣ ሰውነቱን ሳያዞር ወደ ጎንም ወደ ኋላም መተኮስ አይችልም። ጦርነቱ ከተጀመረ በኋላ በታኅሣሥ 1928 ዓ.ም. በሽሬ ግንባር በደንበጉና በር የራስ እምሩ ኃይለ ሥላሴ ወታደሮች ይህንኑ ጉድለት ተረድተው ከጎንና ከኋላ እየተጠጉ በላዩ ላይ በመውጣት ታንኮቹን ማርከዋል። የአቃቂውን ጣቢያ የተከለውና በደንበጉና የተማረኩትን ታንኮች የሠራው ኩባንያ አንድ ነበር። ለአንድ የውጭ ኩባንያ የአገርን የመገናኛ መስመር መስጠት ከኩባንያው መንግሥት ጋር የመዋዋልን ያህል ጥንቃቄ የሚሻ መሆኑን የዚያ ዘመን ሰዎች ከመጽሐፍ ሳይሆን በደም ተምረውታል።

የታሪኩ ሌላ ገጽ ደግሞ አለ። ንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በመስከረም 1928 ዓ.ም. ወረራው ሊጀመር ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት የአገራቸውን አቋም ለዓለም ያሰሙት በዚያው በአቃቂ ጣቢያ አማካይነት ነበር። ጣቢያው የማንም ሥራ ቢሆን ባለቤትነቱ የኢትዮጵያ መንግሥት ስለነበረ፣ በክፉ ቀን የጠራችው ድምፅ የኢትዮጵያ ሆነች። የባቡሩ ሐዲድ የኩባንያው ንብረት በመሆኑ ከጅቡቲ የሚመጣው የጦር መሣሪያ ጉዞ በፓሪስ ፈቃድ ላይ ሲንጠለጠል፣ የሬዲዮ ጣቢያው ግን ለባለቤቱ ታዝዟል። ሁለቱን አጠገብ ለአጠገብ ያስቀመጠ ሰው የባለቤትነት አንቀጽ ምን ያህል ክብደት እንዳለው ይረዳል።

መንግሥትም በበኩሉ የጨዋታውን ሕግ ያውቅ እንደነበረ መዘንጋት የለበትም። በ1920 ዓ.ም. ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ወደ ኒውዮርክ ተልከው ጄ ጂ ኋይት ከተባለው የምሕንድስና ኩባንያ ጋር በጣና ሐይቅ ላይ ስለሚሠራ ግድብ የተነጋገሩት፣ በዓባይ ውኃ ላይ እንግሊዝ ብቻዋን እንዳትወስን አሜሪካን ወደ ጉዳዩ ለማስገባት ነበር። በነሐሴ 1927 ዓ.ም. መጨረሻም ፍራንሲስ ሪኬት ለተባለ እንግሊዛዊ የአገሪቱን እኩሌታ የሚያህል መሬት ለ75 ዓመት ነዳጅ እንዲፈልግበት የተፈቀደው፣ ከጀርባው ያለው የአሜሪካ የዘይት ኩባንያ የዋሽንግተንን ጥበቃ ይዞልን ይመጣል በሚል ተስፋ ነበር፤ የአሜሪካ መንግሥት ግን በጥቂት ቀናት ውስጥ ኩባንያውን ገፋፍቶ ውሉን አስተወ። ኩባንያ የመንግሥትን ሞገስ እንደሚሻ ሁሉ ደካማ መንግሥትም በኩባንያ በኩል የኃያልን መንግሥት ሞገስ ይሻል፤ ኃያሉ ካልፈለገ ግን ፊርማው ብቻውን አያድንም።

ኢጣሊያ ድል ከተደረገች በኋላ በነበሩት ዓመታት ይህ ልምድ የተሻለ ፍሬ አፍርቷል። በታኅሣሥ 1938 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከአሜሪካው ቲ ደብሊው ኤ ጋር በተደረገ ውል ሲመሠረት፣ የውጭው ኩባንያ አብራሪና አስተዳዳሪ እንዲያቀርብ ተደርጎ ንብረቱ በመንግሥት እጅ ቆየ፤ ኢትዮጵያውያንም እየሠለጠኑ ቦታውን ተረከቡ፤ እ.ኤ.አ. በ1971 ኮሎኔል ሥምረት መድኃኔ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ዋና ሥራ አስኪያጅ ሆኑ። ስለ አየር መንገዱ ብዙ ተጽፏልና እዚህ ላይ ማለፍ ይበቃል።

ወደ ቅርብ ዘመን ሲመጣ የሞባይል ስልክ መስፋፋት ከባቡሩ የማይተናነስ ታሪክ አለው። በ1998 ዓ.ም. ከምርጫ 97 ቀውስ በኋላ ምዕራባውያን ለጋሾች ለመንግሥት በጀት በቀጥታ የሚሰጡትን ድጋፍ አቋርጠው ነበር፤ መንግሥት ደግሞ በመጪው የኢትዮጵያ ሚሌኒየም ዋዜማ ለሕዝቡ የሚታይ ለውጥ ማሳየት ፈልጎ ነበር። በዚያው ጊዜ ቻይና የአፍሪካን መሪዎች በቤጂንግ ለመሰብሰብ ትዘጋጅ ነበር። በእነዚህ ሁኔታዎች መካከል ዜድ ቲ ኢ የተባለው የቻይና የቴሌኮም ኩባንያ ከኢትዮጵያ ቴሌኮሙኒኬሽን ኮርፖሬሽን ጋር እ.ኤ.አ. በ2006 የ1.5 ቢሊዮን ዶላር ማዕቀፍ ውል ፈረመ። የገንዘቡ አቀራረብ የአቅራቢ ብድር የሚባለው ዓይነት ነበር፤ ይኸውም ዕቃውን የሚሸጠው ኩባንያ የመግዣውን ብድር ከአገሩ ባንክ አስፈቅዶ አብሮ ይዞ ሲመጣ፣ ተበዳሪው ደግሞ ዕቃውን ከዚያው ሻጭ ብቻ ለመግዛት ሲገደድ ነው።

የዚህ ውል ጥቅም በቁጥር የሚካድ አይደለም፤ ውሉ በተፈረመበት ዓመት ከአንድ ሚሊዮን በታች የነበረው የሞባይል ደንበኛ እ.ኤ.አ. በ2013 ከ20 ሚሊዮን አልፏል። ዋጋው ግን ሌላ ነበር። የዓለም ባንክ እ.ኤ.አ. በ2012 ባወጣው በኢትዮጵያ ሙስናን በሚመረምር ጥናት፣ ይህን ያህል መጠን ያለው ግዢ ያለ ውድድር ጨረታ ለአንድ አቅራቢ መሰጠቱን ነቅፏል። የችግሩ ሥር ግን ከጨረታው ባሻገር ነው፦ አንድ አገር መላ መረቧን በአንድ ኩባንያ መሣሪያ ከሠራች በኋላ መለዋወጫውንም፣ ማሻሻያውንም፣ ባለሙያውንም ከዚያው ኩባንያ መጠየቅ ግድ ይሆንባታል። እ.ኤ.አ. በ2013 የኮርፖሬሽኑ ተተኪ ኢትዮ ቴሌኮም ለሁለተኛው ዙር 1.6 ቢሊዮን ዶላር የሚያወጣውን ሥራ ለሁዋዌና ለዜድ ቲ ኢ እኩል ያካፈለው ከዚህ ተምሮ ነው ማለት ይቻላል፤ ከዜድ ቲ ኢ ጋር በነባሩ መሣሪያ ማሻሻያ ዋጋ ላይ አለመግባባት በተፈጠረ ጊዜም ከድርሻው ከፊሉ ለስዊድኑ ኤሪክሰን ተላልፏል። ዳግማዊ ምኒልክ ከድሬዳዋ ወዲያ ባለው መሬት የያዙትን ጉልበት ኢትዮ ቴሌኮም በተወዳዳሪዎች ብዛት አገኘው።

ከገላን ቀጥላ ባለችው በዱከም፣ በምሥራቅ ኢንዱስትሪ ዞን ውስጥ፣ ህዋጂያን የተባለው የቻይና ጫማ አምራች በ2004 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር በአሥር ዓመት ውስጥ 2 ቢሊዮን ዶላር ኢንቨስት እንደሚያደርግ መነገሩ ይታወሳል። ኩባንያው የመጣው ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ ቀደም ብለው ቻይናን ጎብኝተው በግል ከጋበዙት በኋላ ነበር። ፋብሪካው በሺዎች የሚቆጠሩ ወጣቶችን መቅጠሩና ጫማውን ወደ አሜሪካ ገበያ መላኩ እውነት ነው። በሌላ በኩል በገላን፣ በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ ለፋብሪካና ለግንባታ የዋለው መሬት ከባዶ ሜዳ አልመጣም፤ ጤፍና ስንዴ የሚዘሩ፣ ከብት የሚያረቡ ገበሬዎች በካሳ ተነሥተው የተለቀቀ ነው። በ2006 ዓ.ም. በአዲስ አበባና በዙሪያዋ ባሉ የኦሮሚያ ከተሞች የጋራ ማስተር ፕላን ላይ የተነሣው፣ በ2008 ዓ.ም. የተስፋፋውና ዕቅዱ በጥር ወር ከተሰረዘ በኋላም ያልበረደው ተቃውሞ የዚህ የመሬት ጥያቄ ውጤት ነበር። በአዳራሽ ውስጥ ለሚጠራው የቢሊዮን ቁጥር የመጀመሪያውን መዋጮ የሚከፍለው ስሙ በመግለጫው ውስጥ የማይገኝ ገበሬ መሆኑን ማንም የታሪክ ጸሐፊ ሊዘነጋው አይገባም።

የዚህን የመሬት ጥያቄ ክብደት የሚያሳይ የቀናት ግጥምጥም አለ። ከሰበታ ተነሥቶ በፉሪ ለቡና በገላን አቅራቢያ ባለው በእንዶዴ አልፎ ጅቡቲ የሚደርሰው፣ በሁለት የቻይና መንግሥታዊ ኩባንያዎች የተሠራው የኤሌክትሪክ ባቡር መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. ሲመረቅ፣ በቢሾፍቱ የኢሬቻ በዓል ላይ ብዙ ሰው ካለቀ ገና ሦስተኛ ቀኑ ነበር፤ በዚያው ሳምንት በሰበታና በአካባቢው ፋብሪካዎች ተቃጥለዋል፤ ወዲያውም የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። የኢትዮጵያ ክፍል ወጪ 3.4 ቢሊዮን ዶላር ሲሆን 70 በመቶው ከቻይና ኤግዚም ባንክ የተወሰደ ብድር ነው። የብድሩ መመለሻ ጊዜ አጥሮ ስለነበረ በነሐሴ 2010 ዓ.ም. መጨረሻ ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ በቤጂንግ ተነጋግረው ከ10 ዓመት ወደ 30 ዓመት እንዲራዘም አድርገዋል። እ.ኤ.አ. ከ1902ቱ የፈረንሳይ ድጎማ ጋር ሲነጻጸር ገንዘቡ የመጣበት መንገድ ይለያል፤ ሐዲዱ የኢትዮጵያና የጅቡቲ ንብረት መሆኑም ትልቅ ልዩነት ነው፤ የዕዳው ቀን ግን በኢትዮጵያ ላይ ይቆጠራል።

የተነገረውንና የተሠራውን ማስተያየት በኢትዮጵያ ብቻ የሚያስፈልግ አይደለም። የታይዋኑ ፎክስኮን እ.ኤ.አ. በ2017 በአሜሪካ ዊስኮንሲን ግዛት 10 ቢሊዮን ዶላር አፍስሶ 13,000 ሰው እንደሚቀጥር ሲያስታውቅ ግዛቱ በቢሊዮን የሚቆጠር የግብር ማበረታቻ ሰጠው፤ በማግሥቱ ዓመት የመሠረት ቁፋሮው ላይ ፕሬዚዳንት ትራምፕ በወርቃማ አካፋ አፈር አነሡ። እ.ኤ.አ. በ2021 ውሉ ሲከለስ ኢንቨስትመንቱ ወደ 672 ሚሊዮን ዶላር፣ የሥራ ቦታውም ወደ 1,454 ወረደ። ዊስኮንሲን ግን አንድ ብልህ አንቀጽ ነበራት፤ ማበረታቻው የሚከፈለው በተጨባጭ በተሠራውና በተቀጠረው ሰው ልክ ስለነበረ፣ ቃሉ ሲያንስ ክፍያውም አነሰ። በሰነድ ያልተሠፈረ ቃል ግን መያዣ የለውም፤ «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» የተባለውም ለዚህ ዓይነቱ ነገር ነው።

ገንዘብ ብቻም ሳይሆን ስጦታም ሞገስን እንደሚያመጣ የአሊባባው መሥራች ጃክ ማ አሳይተዋል። በኅዳር 2012 ዓ.ም. ድርጅታቸው ኢትዮጵያን የኤሌክትሮኒክ ንግድ ማዕከል ለማድረግ በአዲስ አበባ የመግባቢያ ሰነድ ፈረመ፤ የመግባቢያ ሰነድ ሁለት ወገኖች ወደፊት አብረው ለመሥራት ያላቸውን ፍላጎት የሚገልጹበት፣ እንደ ውል ግን በፍርድ ቤት የማያስገድድ ጽሑፍ ነው። ከአራት ወር በኋላ የኮሮና ወረርሽኝ ሲገባ ለ54 የአፍሪካ አገሮች ለእያንዳንዳቸው 20,000 የመመርመሪያ መሣሪያ፣ 100,000 የአፍ መሸፈኛና 1,000 የመከላከያ ልብስ በኢትዮጵያ አየር መንገድ በኩል ደረሰ። እርዳታው በጭንቅ ሰዓት የደረሰ በመሆኑ ምስጋና ይገባዋል፤ ምስጋናውና የንግድ ፈቃዱ ግን በሁለት የተለያዩ መዝገቦች ሊጻፉ ይገባል።

የመጨረሻው ቃል ኪዳን ገና አልተቋጨም። ለ120 ዓመታት ገደማ በመንግሥት እጅ የቆየው የቴሌኮም ገበያ ሲከፈት፣ ሳፋሪኮም የሚመራው ጥምረት በግንቦት 2013 ዓ.ም. 850 ሚሊዮን ዶላር ከፍሎ ፈቃድ አገኘ፤ 600 ሚሊዮን ያቀረበው ኤም ቲ ኤን ሳይሳካለት ቀረ። ጠቅላይ ሚኒስትሩ በዕለቱ ጠቅላላ ኢንቨስትመንቱ ከ8 ቢሊዮን ዶላር በላይ እንደሚሆንና በኢትዮጵያ ታሪክ ትልቁ የውጭ ቀጥታ ኢንቨስትመንት እንደሆነ አበሠሩ፤ በአሥር ዓመት ውስጥም እስከ 1.5 ሚሊዮን የሥራ ዕድል ይፈጠራል ተባለ። ፈቃዱ በይፋ ሲሰጥ የኬንያው ፕሬዚዳንት ኡሁሩ ኬንያታ፣ አገልግሎቱ በመስከረም 2015 ዓ.ም. ሲመረቅ ደግሞ ተተኪያቸው ዊሊያም ሩቶ አዲስ አበባ ተገኝተዋል። ኩባንያው በመጀመሪያው ፈቃድ ያላገኘው የሞባይል ገንዘብ አገልግሎት በ2015 ዓ.ም. ተጨማሪ 150 ሚሊዮን ዶላር ከፍሎ ተፈቅዶለታል። ስልኩ መጀመሪያ የተከፈተው እንደ ባቡሩ ሁሉ በድሬዳዋ ነበር፤ የፈቃዱ ዘመን ግን 99 ሳይሆን 15 ዓመት ነው፤ ተወዳዳሪ እንዳይገባ የሚከለክል አንቀጽም የለበትም። በዚህ ረገድ አገሪቱ ከ1886 ዓ.ም. ወዲህ ብዙ ርቀት ተጉዛለች።

የሚቀረው የዜጋው ድርሻ ነው። የገላን፣ የሰበታ፣ የቡራዩና የሱሉልታ ነዋሪ፣ መሬቱን ለማማው፣ ለፋብሪካውና ለሐዲዱ የለቀቀ እንደመሆኑ፣ የተነገሩትን ቁጥሮች ቀንና ዓመተ ምሕረት ጽፎ ሊይዝ፣ የከተማ ምክር ቤቶችም ማበረታቻ የሰጡበትን ውል በየዓመቱ ለሕዝብ ሊያነቡለት ይገባል። የአሥር ዓመቱ የ8 ቢሊዮን ዶላር ቃል የሚጠየቅበት ጊዜ 2023 ዓ.ም. ነው።